ሙሉ እና ከፊል

መቼም ሰው አንድ የሚኮራበት ነገር አያጣም። እኔ የምኮራው በሰሌዳ አጻጻፌ ነው። ርእሱን በሰማያዊ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ በማስመሪያ አሰምራለሁ፤ ምሳሌውን በጥቁር፣ ስሕተቱን በቀይ። ሰሌዳውን ለሁለት ስከፍለው መሥመሩ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሥርዓት ያለው ሰሌዳ ሥርዓት ያለው ጭንቅላት ይፈጥራል ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ። ብቻ በዚያው ሥርዓት ባለው ሰሌዳ አንዲት ጤነኛ ልጅ ገድዬ ደስማ በሚባል ሰፈር አንድ ቤተሰብ አስለቅሻለሁ። አትደንግጡ፤ ልጅቷ ደኅና ናት። እኛ እዚህ ስናለቅስላት እሷ ደሴ የምርቃት ቀሚሷን እያስለካች ነበር።

ከመነሻው ልጀምርላችሁ። ኩዌት ውስጥ የምኖረው ፊንጣስ ነው፤ ከባሕሩ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ባሕሩ በማይታይበት በኩል። በሥራ ቀናት አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ረዳት ነኝ፤ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ኤቢሲ እዘምራለሁ። ዓርብ ዓርብ ግን ሳሎናችን ትምህርት ቤት ይሆናል። በየሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቼ፣ የዕለቱን ዕረፍት ያገኙት፣ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ይቀመጡና እንግሊዝኛ አስተምራቸዋለሁ። አንድ ሲጠይቁኝ ሦስት የማስረዳው አመሌ እዚያ ቦታ ያገኛል። «ቲቸር» ሲሉኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል።

የዚያ ዓርብ ትምህርት በእትዬ ዘሃራ ምክንያት የተዘጋጀ ነበር። እትዬ ዘሃራ ወሎዬ ናት፤ ደስማ የሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ልጇን ሐያትን ለእናቷ ትታ የመጣችው ልጅቱ የወተት ጥርሷን በምትነቅልበት ጊዜ ነበር። አሁን ሐያት ኮሌጅ ጨርሳ ልትመረቅ ነው። እትዬ ዘሃራ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ፣ በዚያ ቀን እዚያ መገኘት። «ጥርሷ ሲወልቅ አይቻለሁ፤ ቆቧን ስትወረውርም አያለሁ» ትላለች።

ችግሩ ማዳሟን ማግኘት ነው። ማዳም ክፉ ሆና አይደለም፤ ጊዜ ያጣች ሴት ሆና ነው። ቀን ቢሮ ናት። ማታ ልጆቿ ይረባረቡባታል። እትዬ ዘሃራ በኩሽና ዓረብኛዋ «ማዳም፣ ኢጃዛ…» ብላ ስለ ዕረፍት ልትጀምር ስትል አንዱ ልጅ ይወድቃል፣ አንዱ ጭማቂ ይደፋል፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። በመጨረሻ ማዳም፣ «ዘሃራ፣ በዋትስአፕ ጻፊልኝ። ቮይስ አትላኪ፤ ስብሰባ ላይ መስማት አልችልም» አለቻት። እትዬ ዘሃራ ደግሞ ዓረብኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም። የቀረው እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።

ራሷ የሞከረችውን አምጥታ አሳየችኝ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «ማዳም ልጄ ኮሌጅ ጨረሰች አንድ ልጄ ናት በልጄ ምክንያት ወደ አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ ካልፈቀድሽልኝ አልቀየምም ልጆችሽን እወዳለሁ ፍሪጁ ውኃ ያፈስሳል እመለሳለሁ ወላሂ»። ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ። ጮክ ብዬ ሳነበው ፍሪጁ ጋ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ።

አልፈረድኩባትም። እኛ እኮ «ተነሥቼ፣ ቤት ጠርጌ፣ ልጆቹን አልብሼ፣ ቁርስ አብልቼ፣ ቦርሳቸውን አሸክሜ ሸኘኋቸው» የምንል ሰዎች ነን። የጠዋት ሥራ በሙሉ አንዲት ግሥ ላይ ይንጠለጠላል፤ ግሧም ችላ ትሸከመዋለች። የእንግሊዝኛ ግሥ ግን እንዲህ ያለ ትከሻ የላትም። ስለዚህ ጽሑፉን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ፣ ቆራርጬ፣ ጠግኜ፣ ለማዳም የሚላክ አድርጌ ላስረክባት ወሰንኩ።

ዓርብ ደረሰ። እትዬ ዘሃራ አልመጣችም፤ ዓርብ ዓርብ ያ ቤት የዘመድ ምሳ አለበት፣ ዕቃው ካላለቀ አትወጣም። ሳልጠብቃት ጀመርኩ።

«ዓረፍተ ነገር ማለት ነገሩ የሚያርፍበት ማለት ነው» አልኩ። «እንዲያርፍ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ባለቤትና ማሰሪያ።»

«ባለቤት ስትዪ ባል ነው?» አለች ሙሉ። ሙሉ አሕመዲ ሰፈር የምትሠራ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ምላሷ በዓርብም አያርፍም።

«አይደለም። ባለቤት ማለት ሥራውን የሚሠራው ነው።»

«እንግዲያ በእርግጥ ባል አይደለም።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን በሳቅ የምደናቀፍ አስተማሪ አይደለሁም። «በአማርኛ ‹ጨረሰች› ካልን አለቀ፤ ማን ብትሉ እሷ። ባለቤቷ ግሡ ሆድ ውስጥ ተቀምጣለች። የእንግሊዝኛ ባለቤት ግን በር ላይ ቆሞ ካልታየ እንግዳ አይገባም። ‹ፊኒሽድ› ብቻ ብትሉ፣ ማን ጨረሰ? ምን አለቀ? አይታወቅም። ጎደሎ ነው።»

«እሺ።»

«ባለቤትም ማሰሪያም ኖሮት የማያርፍም አለ። እኔ አሁን ‹ካልፈቀድሽልኝ› ብዬ ዝም ብል ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ዱላ» አለች ሙሉ።

ይህን መልስ ያን ጊዜ ንቄ አለፍኩት።

ቀጥዬ ስለሚሮጡት ዓረፍተ ነገሮች አስረዳሁ። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ሲጋፉ በነጥብ ይለያያሉ፣ አለዚያም «ኤንድ» ወይም «በት» የሚል ሸምጋይ መካከላቸው ይገባል። ነጠላ ሰረዝ ብቻዋን አትበቃም፤ መጋረጃ ናት እንጂ ግድግዳ አይደለችም። ይህን ምሳሌ ራሴው ስለወደድኩት ሁለት ጊዜ አልኩት።

አሁን ሰሌዳውን ልብ በሉልኝ። ለሁለት ከፈልኩት። በግራ አናቱ ላይ «ሙሉ» ብዬ ጻፍኩ። በቀኝ «ጎደሎ» ልጽፍ ማርከሬን አነሣሁና ተውኩት። ቃሉ ሰው ያሳቅቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሲታዘዙና ሲታረሙ የሚውሉ ሴቶች በዕረፍታቸው ቀን ጎደሎ የሚል ነገር ሊያዩ አይገባም። ስለዚህ ለስለስ ያለ፣ የመጽሐፍ ቃል ፈለግሁና «ከፊል» ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ፣ ያልተሟላ ለማለት ነው። ሁለቱንም በሰማያዊ፣ ሁለቱንም አሰመርኩባቸው። እንዴት ያምሩ ነበር!

«ከፊል» በሚለው ሥር የእትዬ ዘሃራን ዓረፍተ ነገር ቁርጥራጮች ደረደርኩ። «ኢፍ ዩ ዶንት ሌት ሚ ጎ»፤ እንድሄድ ካልፈቀድሽልኝ። «ቢኮዝ ኦፍ ማይ ዶተር»፤ በልጄ ምክንያት። «ፊኒሽድ»፤ ጨረሰች። «ሙሉ» በሚለው ሥር ደግሞ የተጠገኑትን፦ ልጄ ኮሌጅ ጨረሰች፤ በልጄ ምክንያት ወደ አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ካልፈቀድሽልኝም አልቀየምም። ፍሪጁን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ትምህርቱ አልቆ ሴቶቹ ጫማቸውን ሲፈልጉ እትዬ ዘሃራ እያለከለከች ደረሰች። እጇ ገና የሳሙና ሽታ ነበረው።

«ዕቃው አላልቅ ብሎኝ ነው ቲቸሬ። ታክሲው ከታች ቆሞብኛል፤ ልመለስ ነው።»

«አብሽሪ፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ አለ። ፎቶ አንሺው።»

አነሣችው። ከዚያ ሁለቱን ዓምዶች አየት አየት አድርጋ፣ «የትኛውን ነው ለማዳም የምልከው?» አለችኝ።

እኔም በሰሌዳዬ ኮርቼ፣ እንዲህ ስል መለስኩላት፦ «ግልጽ ነው እኮ! አናቱ ላይ ተጽፏል።»

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው። ልጆቹን ምሳ እያበላሁ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘሃራ ናት፤ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ማዳም ናት። ከቢሮ ሮጣ መጣች፣ ኩሽና ገባች፣ አቀፈችኝ፣ ‹አላህ የርሐምሃ፣ ነፍሷን ይማር› እያለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሴት ዘመድ ሞታባታለች።»

«ማን?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ለቅሶ ላይ ማን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? መጀመሪያ ይለቀሳል። እኔም አለቀስኩላት። ምናልባት እናቷ ናት ብዬ፣ ማማ ዖዳ፣ ትልቋ እማማ። ‹እንዴት ያለች ደግ! እንዴት ያለች ሩኅሩኅ!› እያልኩ በአማርኛ ደረቴን መታሁላት።»

«እሺ?»

«እሺማ፣ ማማ ዖዳ ከዘራዋን ይዛ ገባች።»

«የሞተችው?»

«የሞተችው! እሷም አቀፈችኝ። አሁን ሦስታችንም እያለቀስን ነው።»

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። አንድ ሕፃን አንሥቶ መልሶ ሰጠኝ።

«እትዬ ዘሃራ፣ መልእክቱን ልከሻል?»

«ጠዋት። ልክ እንዳልሽኝ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«‹ኢፍ ዩ ዶንት ሌት ሚ ጎ።› ነጥብም አድርጌያለሁ።»

«እንድሄድ ካልፈቀድሽልኝ ነጥብ! ማዳምስ ምን አለች?»

«‹ምን ታደርጊያለሽ?› አለች። እኔም ቀጣዩን ላክሁ፤ ‹ቢኮዝ ኦፍ ማይ ዶተር›። ‹ልጅሽ ምን ሆነች?› አለች። እኔም የመጨረሻውን ላክሁ።»

የመጨረሻው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በራሴ እጅ፣ በጥቁር ማርከር የጻፍኩት ነው። ፊኒሽድ። በዚህ አገር የኩሽና ቋንቋ ጋዝ ሲያልቅ ፊኒሽድ ይባላል፣ ሩዝ ሲያልቅ ፊኒሽድ ይባላል። ሰውም ሲያልቅ።

«ለምን የግራውን አልላክሽም? ሙሉውን?»

«የሙሉን?» እንባዋን አቋርጣ ተቆጣች። «የሰው ነገር ላይ እንዴት እደርሳለሁ! ሙሉ ብለሽ ስሟን ጽፈሽበት የለም ወይ? የእኔ ከፊል የሚለው ነው። ለከፊል የሚላከው!»

እዚህ ላይ ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚህ አገር ከፊል ማለት ግማሽ ማለት አይደለም። የመኖሪያ ወረቀትሽ በስሙ የወጣልሽ አሠሪ ማለት ነው። የእትዬ ዘሃራ ወረቀት በማዳም ስም ነው፤ ማዳም ከፊሏ ናት። እኔም ይህን ቃል በየቀኑ እሰማለሁ፣ እላለሁ፣ እፈርማለሁ። ማርከር ስይዝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ።

«ታዲያ ሙሉ ስለምታስመርቀው ልጅ ለምን ትጽፋለች ብለሽ አልተጠራጠርሽም?»

«ገርሞኝ ነበር። ሙሉ ደግሞ መቼ ወልዳ ነው የምታስመርቀው ብዬ።»

አሁን እውነቱን መንገር ነበረብኝ። አስተማሪ ነኝና ቀጥተኛ፣ አጭር፣ ባለቤትና ማሰሪያ ያለው ዓረፍተ ነገር መረጥኩ።

«እትዬ ዘሃራ፣ የሞተችው ሐያት ናት።»

ጩኸቷ እስከ ፊንጣስ ያለ ስልክ ይሰማ ነበር።

«በእንግሊዝኛ!» አልኩ እየጮኽኩ። «በእንግሊዝኛ ነው የሞተችው! በአማርኛ ደኅና ናት!»

ሕፃናቱ መብላታቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ከተረጋጋች በኋላ ስልኩን ዘግታ ወደ እነ ማዳም ገባች፤ ቆይታ መልሳ ደወለችና ሌላ ነገር ነገረችኝ። ማዳም «ነገውኑ ሂጂ፤ ልጅሽን ቅበሪ» ብላታለች። ያ ስንት ጊዜ የተለመነ ዕረፍት በአንድ ቃል ተፈቅዷል። ሁለታችንም ያሰብነውን አንዳችንም አልተናገርነውም።

«አይሆንም» አለች በመጨረሻ። «ልጄን ገድዬ ላስመርቃት? ሟርት ነው። ቢቀርም ይቅር እንጂ።»

«እንግዲያ ንገሪያታ።»

«ነገርኳት! ‹አልሞተችም› ስላቸው ‹ምስኪን፣ ገና አላመነችም› ብለው ባሰባቸው። ነይልኝ ቲቸሬ።»

ከሥራ እንደወጣሁ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ ማብራሪያዬን አዘጋጀሁ፤ መግቢያ፣ ሁለት ምሳሌ፣ መደምደሚያ። ማርከሮቼንም ይዣለሁ፤ ለምን እንደያዝኳቸው አትጠይቁኝ።

ደስማ ስደርስ እትዬ ዘሃራ ሳሎን አስገባችኝ። ማማ ዖዳ ሶፋው ላይ መቁጠሪያዋን ይዛለች። ማዳም ዓይኗ ቀልቷል፤ ጭኗ ላይ የሶፍት ካርቶን አለ። «ማን ናት?» ስትል ያ ሁሉ ዝግጅቴ ቱቦው እንደተከፈተለት የታቆረ ውኃ ወጣ።

«ማዳም እኔ አስተማሪዋ ነኝ ልጅቷ አልሞተችም የጨረሰችው ኮሌጅ ነው ከፊል ማለት በእኛ ቋንቋ ግማሽ ማለት ነው አንቺ ግማሽ ነሽ ማለቴ አይደለም ሙሉ ደግሞ አሕመዲ ናት እሷ ልጅ የላትም ሰሌዳው ግልጽ ነበር ታክሲው ስለቆመባት ነው ይቅርታ ፍሪጁም ውኃ ያፈስሳል—»

«ስቶፕ» አለች ማዳም።

አንድ ቃል ናት፤ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ትእዛዝ ሲሆን የእንግሊዝኛም ባለቤት መደበቅ ይችላል። በዚያች ሰዓት እንኳ ይህን ማስታወሴን ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

ቆምኩ። ተነፈስኩ። እንደገና ጀመርኩ፦ «ሐያት ደኅና ናት። ሐያት ኮሌጅ ጨረሰች። ሐያት ልትመረቅ ነው።» በየነጥቡ ቆም አልኩ።

ማዳም እትዬ ዘሃራን አየቻት። እትዬ ዘሃራ ስልኳን ከፍታ ሐያት የምርቃት ቀሚስ ለብሳ ከጥቂት ደቂቃ በፊት የላከችውን ፎቶ አሳየቻት። ማዳም ለእናቷ በዓረብኛ ተረጎመችላት። መጀመሪያ የሳቀችው ማማ ዖዳ ናት፤ ምንጣፉን በከዘራ እየመታች፣ መቁጠሪያዋ እስኪበተን። ከዚያ ማዳም ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አስታወሰችና ተቆጣች።

«ከስብሰባ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት! ቢሮው ሁሉ ሰምቷል!»

ይህን ብላ ሳትጨርስ የበር ደወል ጮኸ። የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ጥቁር አባያ ለብሰው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ትልቅ ትሪ ምግብ ተሸክመው ለለቅሶ መጥተዋል።

ማዳም ልትቀበላቸው ስትነሣ እትዬ ዘሃራ እንደ ምንም ደፈረች። «ማዳም፣ መሄዴስ?»

«ሂጂ ያልኩሽ ለሞት ነው» አለች ማዳም። «ለምርቃት ግን…»

ይህን ብላ ወጣች።

ለምርቃት ግን! ግን ምን? በዘመኔ እንደዚያ ያለ ጎደሎ አልሰማሁም። ልከተላት ነበር፤ እትዬ ዘሃራ በቀሚሴ ጎተተችኝ። ከውጭ መጀመሪያ የለቅሶ ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከዚያ ሳቅ ተሰማ። ትሪው የምርቃት ድግስ ሆኖ ተበላ፤ እኔም ሩዝ ተቋጥሮልኝ ተመለስኩ።

ሳምንቱን ሙሉ ማዳም ስለ ዕረፍቱ አልተነፈሰችም። የልጆቿ ፈተና ከምርቃቱ ጋር ይገጥማል፤ ባሏንም ማማከር አለባት። እትዬ ዘሃራ ቤቱን እስኪያብለጨልጭ ወለወለች። ሐያት በየማታው «እማ፣ ትመጫለሽ?» ብላ ትጽፋለች። እናቷም ትመልሳለች፦ «ኢንሻአላህ»። ይህ ሙሉ ይሁን ጎደሎ እስካሁን አላወቅሁም።

ዓርብ መጣ። እትዬ ዘሃራን ማዳም ራሷ ቀደም አድርጋ ለቀቀቻት፤ ደግ ምልክት ይሁን ክፉ አላወቅንም። እኔ ሰሌዳውን በአዲስ ርእስ አዘጋጅቻለሁ፤ በግራ «ያረፈ»፣ በቀኝ «ያላረፈ»። ሙሉ ገና ስትገባ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችና፣ «ምነው ስሜን አጠፋሽው? በእኔ ስም የተጻፈውማ ሰው አልገደለም» አለች።

ገና ባለቤት ብዬ ሳልጨርስ የእትዬ ዘሃራ ስልክ ጢንግ አለ። አየችው። ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለእኔ ወረወረችው።

«ዌን ዩ ከም ባክ» ይላል። ስትመለሺ። ከዚያ ነጥብ።

ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። ሁሉም ተነሥተው ከበቡት።

«ቆይ፣ ማንም እንዳይደሰት» አልኩ፣ ቀዩን ማርከር ከፍቼ። «ይህ ያላረፈ ነው። ማሰሪያው አልመጣም። ‹ስትመለሺ ሥራሽ ላይኖር ይችላል› ሊሆን ይችላል። ‹ስትመለሺ እንነጋገራለን› ማለት ከዚህ ከዛሬው ክፍል ስትመለሺ ማለትም ሊሆን ይችላል። በሰዋስው ሕግ እስካሁን ምንም አልተባለም። ቀጣዩ ሐረግ እስኪመጣ ድረስ—»

«ቲቸሬ» አለች እትዬ ዘሃራ።

«አቤት።»

«ማዳም ከዚህ ስመለስ ቤት ታገኘኛለች፤ ምን ያስጽፋታል?» ጣቷን ሰሌዳው ላይ አደረገች። «ሩቅ ካልሄድኩ ስትመለሺ እባላለሁ?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ሙሉ ግን ቀድማኝ እልልታውን አቀለጠችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን ደበደበ፤ እኛም ግድግዳውን ደበደብንለት። እትዬ ዘሃራ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አስነክታ ሱጁድ ወረደች።

በዚያ ጩኸት መሃል ስልኩ እጄ ላይ እንደገና ጢንግ አለ። እኔ ብቻ ሰማሁት። ማዳም መኪና እየነዳች ኖሮ ቀይ መብራት ላይ በቆመች ቁጥር ነበር የምትጽፈው።

«የአገርሽን ማር አምጪልኝ። ነጩን።»

ነጩን። ባለቤት የለውም፣ ማሰሪያ የለውም፣ ነጥቡ አለቦታው ነው። እጄ በልማዱ ወደ ሰሌዳው ተነሣ። ሙሉ አየችኝ።

ቀዩን ማርከር ከደንኩት። ነገሩ አርፎ ነበር።